አንድ ቃል፣ ሦስት አከፋፈል፦ የአንድ ረዥም የእንግሊዝኛ ተውሳከ ግስ ቀለም፣ አጽንዖትና ምዕላድ

መግቢያ

እንግሊዝኛ «ከወትሮ ጠባዩ ውጭ በሆነ አኳኋን» የሚለውን ሐሳብ በአንድ ተውሳከ ግስ ይገልጻል። ቃሉ በአማርኛ ጽሑፍ «አንካራክተሪስቲካሊ» ተብሎ ሊጻፍ ይችላል። በላቲን ፊደል ሲጻፍ 20 ፊደላት አሉት። መዝገበ ቃላት ስምንት ቦታ ይከፋፍለዋል፤ ፈጠን ብሎ የሚናገር ሰው በሰባት ቀለም ይጠራዋል፤ የቃላትን አመሠራረት የሚመረምር አጥኚ ደግሞ አምስት ምዕላዶችን ያገኝበታል። ስምንት፣ ሰባትና አምስት የተባሉት ቁጥሮች እርስ በርሳቸው የሚጋጩ ይመስላሉ እንጂ ሦስቱም ትክክል ናቸው። እያንዳንዱ ቁጥር ለተለየ ጥያቄ የተሰጠ መልስ ነው።

ጥያቄዎቹን አለመለየት የሚያስከትለው ጉዳት በሥነ ልሳን ክፍል ግድግዳ ውስጥ ተወስኖ አይቀርም። በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች የማስተማሪያው ቋንቋ እንግሊዝኛ በመሆኑ አብዛኛው የድኅረ ምረቃ ተማሪ የደከመበትን ግኝት የሚያቀርበው አፉን ባልፈታበት ቋንቋ ነው። እንዲህ ያሉ ረዣዥም ቃላትን የሚያገኛቸውም አስቀድሞ በዓይኑ ነው፤ ከገጽ ያነባቸዋል፣ ይጽፋቸዋል፣ በመጨረሻም በመመረቂያ ጽሑፉ ግምገማ ዕለት ድምፅ አውጥቶ ይጠራቸዋል። ገጹ ያስተማረውን አከፋፈል ለአፉ ሲያውሰው የሚሰሙት ሰዎች ቃሉን ያጡታል።

የገጹ አከፋፈል

በአሜሪካ የሚታተሙ መዝገበ ቃላት ቃሉን በነጥብ ለያይተው ሲያሳዩት «አን·ካር·አክ·ተር·ኢስ·ቲ·ካል·ሊ» የሚል መልክ ይሰጡታል። ብዙ አንባቢ ነጥቦቹን የአነባበብ መመሪያ አድርጎ ይወስዳቸዋል። ተቀዳሚ ተግባራቸው ግን ለአታሚ ነው፤ ቃሉ በመስመር መጨረሻ አልበቃ ሲል በየትኛው ቦታ በጭረት ሊሰበር እንደሚችል ያመለክታሉ። ፍራንክ ሊያንግ እ.ኤ.አ. በ1983 በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ባቀረበው የዶክትሬት ሥራ ኮምፒውተር ይህን ሰበራ የሚያከናውንበትን ስልት ሲነድፍ የተመረኮዘው በፊደላት አሰላለፍ ላይ ነበር። ስልቱ የተናጋሪን አፍ መጠየቅ አላስፈለገውም።

በግዕዝ ፊደል ላደገ አንባቢ ይህ የአታሚ ጭንቀት እንግዳ ነው። የብራና ጸሐፊ መስመሩ ሲሞላበት ቃሉን ከደረሰበት ፊደል ላይ ቆርጦ ያለ ጭረት ወደ ቀጣዩ መስመር ይሻገር ነበር። እያንዳንዱ ፊደል ተናባቢውን ከአናባቢው ጋር አጣምሮ ስለሚይዝ በየትኛውም ቦታ ቢቆረጥ አይጎዳም። ይኸው ልማድ ግን የእንግሊዝኛውን ነጥብ ለማሳሳት አመቺ ያደርገዋል። ፊደልን ከቀለም ጋር አቀራርቦ ማየት የለመደ ዓይን በነጥብ የተከበበውን እያንዳንዱን ክፍል እንደ ሙሉ ቀለም ይቆጥረዋል፤ ለስምንቱም እኩል ድምፅ ያድላል።

የአፍ አከፋፈል

ቀለም በአንድ አናባቢ ዙሪያ የተሰበሰበ የድምፅ ክፍል ነው። ተናጋሪው ቃሉን ሲጠራ የሚሰማው «አን-ካ-ረክ-ተ-ሪስ-ቲ-ክሊ» የሚል ነው። ከገጹ ስምንት ክፍሎች «ካል» የተባለው የለም፤ አናባቢው ወድቆ «ክ» ከ«ሊ» ጋር ተጣብቋል። መዝገበ ቃላት ይህን አናባቢ በቅንፍ ውስጥ እስከማስቀመጥ ይደርሳሉ፤ ቢነገርም ባይነገርም ስሕተት የለውም ማለታቸው ነው። በዝግታ ለሚናገር ስምንት፣ በተለመደው ፍጥነት ለሚናገር ሰባት ቀለም ይሆናል።

ከቁጥሩ ይልቅ አከራካሪ የሆነው ድንበሩ ነው። «ሪስቲክ» በሚለው ክፍል ውስጥ «ስ» እና «ት» የየትኛው ቀለም ናቸው? አንደኛው መርሕ ለቀጣዩ ቀለም የሚቻለውን ያህል ተናባቢ ስጥ ይላል። የእንግሊዝኛ ቃል በ«ስት» ሊጀምር ስለሚችል በዚህ መርሕ አከፋፈሉ «ሪ-ስቲክ» ይሆናል። ነገር ግን አጽንዖት ያረፈበት እንዲህ ያለ አጭር አናባቢ በእንግሊዝኛ ክፍት ሆኖ መቅረት አይወድም፤ የሚዘጋው ተናባቢ ይፈልጋል። ዳንኤል ካን እ.ኤ.አ. በ1976 በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ባቀረበው የዶክትሬት ሥራ ለዚህ ዓይነቱ ችግር መፍትሔ ሲያቀርብ አንድ ተናባቢ በአንድ ጊዜ የሁለት ቀለማት አባል ሊሆን እንደሚችል ተከራከረ። ጆን ዌልስ በበኩሉ እ.ኤ.አ. በ1990 ተናባቢዎች ከግራና ከቀኝ ካሉት ቀለማት አጽንዖቱ ወደሚበረታው እንደሚሳቡ አስረዳ። በእርሱ አስተሳሰብ አከፋፈሉ «ሪስት-ኢክ» ይሆናል።

አማርኛ ተናጋሪ ለዚህ ክርክር ሳይጠየቅ መልስ ይሰጣል፤ «ሪስ-ቲክ» ይላል። አማርኛ ቀለምን በሁለት ተናባቢዎች መጀመር ስለማይመቸው አንዱን ለፊተኛው፣ ሌላውን ለኋለኛው ያካፍላል። «ስፖርት» በብዙ ሰው አንደበት «እስፖርት» የሚሆነው በዚሁ ምክንያት ነው። በቃሉ መጨረሻም «ቲ-ክሊ» የሚለውን «ቲክ-ሊ» አድርጎ ይዘጋዋል። ድንበሩ ትንሽ ይሸሻል እንጂ የቀለማቱ ቁጥር አይለወጥም። ቃሉን ከአድማጭ የሚሰውረውም ይህ የድንበር ሽሽት አይደለም።

የትርጉም አከፋፈል

ሦስተኛው አከፋፈል ትርጉም ያላቸውን ክፍሎች ይለያል፦ «አን-»፣ «ካራክተር»፣ «-ኢስቲክ»፣ «-አል» እና «-ሊ»። አምስቱ ከአንድ አገር አልመጡም። ዳርና ዳር ያሉት «አን-» እና «-ሊ» ከጥንታዊው እንግሊዝኛ የተወረሱ የጀርመናዊ ቋንቋዎች ንብረት ናቸው። «-ሊ» ከመነሻው «አካል፣ መልክ» የሚል ፍቺ ከነበረው ቃል ጋር ይዛመዳል። «ካራክተር» ከግሪክ ተነሥቶ በላቲንና በፈረንሳይኛ በኩል የደረሰ ነው። «-ኢስቲክ» ግሪካዊ፣ «-አል» ላቲናዊ ነው።

የመሐሉ ቃል ታሪክ ለአማርኛ አንባቢ ልዩ ትርጉም አለው። በግሪክ «ካራክቴር» መቅረጫ መሣሪያን፣ እንዲሁም በገንዘብ ላይ የሚታተመውን ምልክት ያመለክት ነበር፤ በኋላ ሰውን ከሰው ለሚለየው መልክና ምግባር ዋለ። ቴዎፍራስጦስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው ምዕተ ዓመት የሰዎችን ዓይነተኛ ጠባያት የገለጸበት ሥራው በዚህ ቃል ይጠራል። አማርኛም ለዚሁ ነገር «ጠባይ» ይላል። ቃሉ በግዕዝ «ጠባይዕ» ሲሆን፣ በዐረብኛ «ማተም» እና «ተፈጥሮ» የሚሉትን ፍቺዎች በአንድነት ከሚይዘው ሥር ጋር ይዛመዳል። ሁለት የተራራቁ የቋንቋ ቤተሰቦች ጠባይን በሰው ላይ የተቀረጸ ማኅተም አድርገው አይተውታል።

የክፍሎቹ አገጣጠምም ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ «ካራክተር» ከ«-ኢስቲክ» ጋር ቅጽል ይሆናል፤ ቀጥሎ «አን-» ቅጽሉን ያፈርሰዋል፤ በመጨረሻ «-ሊ» ተውሳከ ግስ ያደርገዋል። «አን-» ከቅጽል ጋር እንጂ ከተውሳከ ግስ ጋር በቀጥታ መግጠም አይወድም። «ኦፍን» ወይም «ሱን» ከሚሉት ተውሳከ ግሶች ፊት ቢቀመጥ የእንግሊዝኛ ተናጋሪ ቃል ብሎ አይቀበለውም። ድምፁም በጎረቤቱ ምክንያት በጽሑፍ አይለወጥም። ከላቲን የመጣው አቻው «ኢን-» ግን «ኢምፖሲብል»፣ «ኢሊጋል»፣ «ኢሬጉላር» እያለ ከተከታዩ ድምፅ ጋር ይመሳሰላል። ፖል ኪፓርስኪ እ.ኤ.አ. በ1982 ካስፋፋው አስተሳሰብ አንጻር ሲታይ «ኢን-» ወደ ቃሉ ውስጠኛ ክፍል የሚገባ፣ «አን-» ግን በደጅ የሚቆም ቅጥያ ነው።

ከአምስቱ ሁሉ አስገራሚው «-አል» ነው። «ስታቲስቲካሊ» በሚለው ቃል ውስጥ «-አል» ባለቤት አለው፤ «ስታቲስቲካል» የሚል ሕያው ቅጽል አለና። «ካራክተሪስቲካል» ግን በቀድሞው እንግሊዝኛ ቢታይም ዛሬ ከአገልግሎት ወጥቷል። እንዲያውም በ«-ኢክ» የሚያልቅ ቅጽል ወደ ተውሳከ ግስ ሲለወጥ፣ «ፐብሊክሊ» እንዳሉት ካሉ ጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር፣ በጽሑፍ «-አል» ይጨመርለታል። ስለዚህ ይህ ክፍል በገጽ ላይ ይታያል፤ በአፍ ግን ይወድቃል፤ ለትርጉሙም የሚጨምረው ነገር የለም። በገጹ ላይ የቀረ ጥላ ነው።

ሦስቱ አከፋፈሎች በግልጽ የሚጋጩበት ቦታ «ካራክተር» ከ«-ኢስቲክ» ጋር በሚገናኝበት መጋጠሚያ ላይ ነው። ምዕላዱ «ር»ን ለ«ካራክተር» ይሰጣል፤ የመዝገበ ቃላቱ ነጥብም በዚህ ይስማማል። አፍ ግን «ር»ን ነጥቆ ለ«ሪስ» ያስረክባል። አንድ ተናባቢ በትርጉም የፊተኛው፣ በድምፅ የኋለኛው ሆኖ ይኖራል።

ከፍታው የት ነው?

አጽንዖት አንድን ቀለም ከጎረቤቶቹ ይበልጥ ጎላ፣ ረዘም፣ ከፍ አድርጎ መጥራት ነው። «ካራክተር» ሲባል አጽንዖቱ በመጀመሪያው ቀለም ላይ ያርፋል። «ካራክተራይዝ» ሲባልም አይነቃነቅም። «ካራክተሪስቲክ» ሲሆን ግን ወደ «ሪስ» ይሸጋገራል፤ «ካ» ላይ ሁለተኛ ደረጃ አጽንዖት ብቻ ይቀራል። ምክንያቱ «-ኢክ» ነው። ይህ ቅጥያ አጽንዖቱን ከእርሱ ወዲያው ቀድሞ ወዳለው ቀለም ይስባል። «አካዳሚ» ወደ «አካዳሚክ»፣ «ኢኮኖሚ» ወደ «ኢኮኖሚክ»፣ «ስትራቴጂ» ወደ «ስትራቴጂክ» ሲለወጥ የሚሆነውም ይኸው ነው። «አራቢክ» እና «ካቶሊክ» ከሕጉ ከሚያፈነግጡት ጥቂቶች መካከል ናቸው። ኖአም ቾምስኪና ሞሪስ ሃሌ እ.ኤ.አ. በ1968 ባሳተሙት ታላቅ ሥራ የእንግሊዝኛ አጽንዖት በአብዛኛው ከቃሉ አሠራር ሊተነበይ እንደሚችል ለማሳየት የሞከሩት እንዲህ ያሉትን ቤተሰቦች መርምረው ነው።

«-አል» እና «-ሊ» ከተጨመሩ በኋላ አጽንዖቱ ባለበት ይጸናል። «አን-» ከፊት ቢመጣም «ሪስ» ዙፋኑን አይለቅም። ሌሎቹ አናባቢዎች ግን ዋጋ ይከፍላሉ፤ «ረክ» እና «ተ» ደብዝዘው ያልፋሉ፤ የ«-አል» አናባቢ ከነጭራሹ ይጠፋል። የቀለማቱ ቁጥር ከስምንት ወደ ሰባት የወረደውም ከአጽንዖት በራቀው ቦታ በተከሰተው በዚሁ ድብዘዛ ነው።

የአየር ጠባይን የምታጠና አንዲት የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ጥናቷን ለጓደኞቿ ስታለማመድ ይህ ቃል ገጥሟት ነበር። የአንድ ዓመት ዝናብ ከወትሮ ጠባዩ ውጭ ማነሱን የሚገልጸው ዐረፍተ ነገር የግኝቷ እምብርት ነው። ቃሉን በስምንት እኩል ቀለማት ጠራችው። አድማጮቿ ቆም አደረጓትና «ምን አልሽ?» አሏት። አንዱ ጓደኛዋ ቀስ ብላ እንድታነብ መከራት። ቀስ ስትል ስምንቱ ቀለማት ይበልጥ እኩል ሆኑ፤ ቃሉም ይበልጥ ራቀ። ከዚያ በኋላ የተነሡት ጥያቄዎች ሁሉ ስለ አነባበቧ ሆኑ፤ ስለ ዝናቡ የጠየቃት አልነበረም።

አማካሪዋ ግን ሌላ መንገድ ያዙ። «እስቲ መጀመሪያ ‹ካራክተር› በዪ» አሏት። አለች። «አሁን ደግሞ ‹ካራክተሪስቲክ› በዪ። ኀይሉ ወዴት ሄደ?» ጥቂት አሰበችና «ወደ ‹ሪስ›» ብላ መለሰች። «እንግዲህ ‹ሪስ›ን ያዢ፤ ከኋላው ያለው ራሱ ይከተልሻል።» ተማሪዋ በእጇ ይዛው የነበረውን ወረቀት አጥፋ ቃሉን ደገመችው። «-አል»ን ለመጣል ማንም አልነገራትም፤ «ሪስ»ን ከፍ ስታደርግ እርሱ በገዛ ራሱ ወደቀ።

«ባልተለመደ»

የእንግሊዝኛውን ቃል ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰው ብዙ ጊዜ «ባልተለመደ ሁኔታ» ይላል። አማርኛ ራሳቸውን የቻሉ ተውሳከ ግሶች ጥቂት ስለሆኑት እንዲህ ባለ ሐረግ ይገለገላል። «ባልተለመደ» የሚለውም በተራው የሦስት አከፋፈሎች መስክ ነው። በጽሑፍ ስድስት ፊደላት ናቸው። በአነጋገር ግን «ባል-ተ-ለም-መ-ደ» ተብለው የሚከፈሉ አምስት ቀለማት ይሆናሉ፤ «መ» ስለሚጠብቅ ግማሹ ለፊተኛው፣ ግማሹ ለኋለኛው ቀለም ይደርሳል። በትርጉም ደግሞ መስተዋድዱ «በ»፣ አፍራሹ «አል»፣ ተደራጊነትን የሚያመለክተው «ተ» እና «ለ-መ-ደ» የሚለው ሥር ከነአናባቢ ቅርጹ አሉበት።

የመጀመሪያውን ፊደል «ባ»ን ማስተዋል ይበቃል። ተናባቢው ከ«በ»፣ አናባቢው ከ«አል» የመጣ ነው፤ አንድ ፊደል ሁለት ምዕላዶችን አዝሏል። ከዚህም በላይ በሐረጉ ውስጥ የማይታይ አንድ ክፍል አለ። «ያልተለመደ ሁኔታ» በሚለው ውስጥ ያለው አዛማጅ «የ» መስተዋድድ ሲቀድመው ይጠፋል፤ ተግባሩ ግን ይቀራል። እንግሊዝኛው ትርጉም የሌለውን «-አል» ጽፎ ያስቀምጣል፤ አማርኛው ተግባር ያለውን «የ» ከጽሑፍም ከድምፅም ይሰውራል።

ሁለቱ ቋንቋዎች ከዚህም የጠለቀ ተመሳሳይነት አላቸው። በአማርኛ አጽንዖት ደካማ ነው፤ ቃልን ከቃል አይለይም። የሚለየው መጥበቅና መላላት ነው። «አለ» ላልቶ ሲነበብ «ተናገረ»፣ ጠብቆ ሲነበብ «ይገኛል» ይሆናል፤ «ገና» ላልቶ «እስካሁን»፣ ጠብቆ የልደት በዓል ነው። የግዕዝ ፊደል ይህን ልዩነት አይጽፍም። የላቲን ፊደልም በእንግሊዝኛ አጽንዖትን አይጽፍም። ሁለቱም ጽሕፈቶች አድማጭ ከሁሉ በላይ የሚፈልገውን ነገር ለአንባቢው ትውስታ ትተውታል። አማርኛን ከመጽሐፍ ብቻ የተማረ የውጭ አገር ሰው «አለ»ን ሲያሳስት የሚሰማው አማርኛ ተናጋሪ ሰውየውን ሰነፍ አይለውም፤ ፊደሉ እንዳልነገረው ያውቃልና። «ሪስ»ን ዝቅ አድርጋ ያነበበችው ተማሪም የሚገባት ይኸው ፍርድ ነው።

አድማጩ ምን ያጣል?

አጽንዖትን ማስተማር ስለሚያስገኘው ጥቅም ተመራማሪዎች አንድ ቃል አይናገሩም። ጄኒፈር ጄንኪንስ እ.ኤ.አ. በ2000 ባሳተመችው መጽሐፍ እንግሊዝኛ አፍ መፍቻቸው ያልሆኑ ሰዎች እርስ በርስ ለመግባባት የግድ የሚያስፈልጓቸውን የድምፅ ገጽታዎች ስትዘረዝር የቃል አጽንዖትን ከዝርዝሩ ውጭ አድርጋለች። ጆን ፊልድ እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጣው ጥናት ግን ሁለት ቀለም ባላቸው ቃላት አጽንዖት ሲሳሳት፣ በተለይም ከቦታው ወደ ቀኝ ሲሸሽ፣ አድማጮች ቃሉን ለመለየት እንደሚቸገሩ አሳይቷል። አን ከትለርና ዴኒስ ኖሪስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1988 እንግሊዝኛ ሰሚ በተከታታይ ንግግር ውስጥ አዲስ ቃል የት እንደሚጀምር የሚገምተው ጉልህ ቀለማትን ተከትሎ እንደሆነ አመልክተዋል።

የመጨረሻው ግኝት የስምንቱን እኩል ቀለማት ጉዳት ያብራራል። ለእንዲህ ያለ አድማጭ እያንዳንዱ ጉልህ ቀለም የአዲስ ቃል መነሻ ሊሆን የሚችል ምልክት ነው። ስምንት ቀለማት በእኩል ጉልበት ሲነገሩት ስምንት ጊዜ መነሻ ይፈልጋል፤ አንዱንም እስከ መጨረሻው ሳይከተል ዐረፍተ ነገሩ ያመልጠዋል። ግራ የተጋባው ተናጋሪዋ ድምፆቹን ስለጎደለች አይደለም፤ ሁሉንም አሟልታ ስለጠራች ነው።

ማጠቃለያ

ከዚህ አንድ ቃል የሚገኙ ሦስት ተግባራዊ ትምህርቶች አሉ። አንደኛ፣ የመዝገበ ቃላት ነጥብ የአታሚ መሣሪያ ነው፤ አነባበብን የሚሻ ሰው ነጥቡን ትቶ የአጽንዖቱን ምልክት መፈለግ አለበት። ሁለተኛ፣ ረዥም ቃል ለብቻው አይጠና፤ «ካራክተር»፣ «ካራክተሪስቲክ»፣ «አንካራክተሪስቲክሊ» ተብሎ ከቤተሰቡ ጋር ሲጠና አጽንዖቱ የሚሸጋገርበት ቅጥያ ይታወቃል፤ «-ኢክ»ን ያወቀ ተማሪም በብዙ መቶ የሚቆጠሩ የትምህርት ቃላት ይከፈቱለታል። ሦስተኛ፣ ጽሕፈትን፣ ድምፅንና ትርጉምን ለይቶ የመቁጠር ልማድ በአማርኛም ያስፈልጋል፤ «ባልተለመደ»ን መተንተን የቻለ ተማሪ የእንግሊዝኛውን ቃል ለመተንተን ግማሹን መንገድ ሄዷል።

ለገምጋሚዎችም የሚተርፍ ነገር አለ። በግምገማ መድረክ ላይ አንድ ቃል ሲሰናከል ከተማሪው የዕውቀት ማነስ በፊት ሊታሰብ የሚገባው ገጹ ያልነገረው ነገር መኖሩ ነው። ቃሉን አቅንቶ ወደ ግኝቱ መመለስ የጥቂት ሰኮንዶች ሥራ ነው። በቃሉ ላይ ተቀምጦ መቅረት ግን የአንድ ዓመት ዝናብ ለምን እንዳነሰ ሳይጠየቅ ሰዓቱ እንዲያልቅ ያደርጋል።